ኖታው ሲቆረቁር አትልቀቁት

ይህን የምጽፈው በቤተ ክርስቲያን መዝሙር አድጎ፣ ጆሮው ዜማ ይዞ፣ አሁን በስደት አገር አንድ ኳየር ውስጥ ገብቶ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የላቲን ቅዳሴ ሊዘምር ለሚያስብ ሰው ነው። ወይም ገብቶ ግራ ለተጋባ። እኔ ግራ ተጋብቻለሁ። ድምፄ ተዘግቶብኛል። ሰው በተሰበሰበበት ዝማሬው በእኔ ምክንያት ሲቆም አይቻለሁ። ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የምላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

ለንደን በመጣሁ በስድስተኛው ዓመት የሥራ ባልደረባዬ ወደምትዘምርበት ትንሽ ኳየር ወሰደችኝ። ዘጠኝ ሰው ነን። ፒያኖ የለም፣ ኦርጋን የለም። የሰው ድምፅ ብቻ። ወረቀቱ ሲሰጠኝ አናቱ ላይ «ኪሪዬ ኤሌይሶን» የሚል አየሁ። ደነገጥኩ። ስቅለት ቀን ከእናቴ ጎን ስሰግድ የምለው ኪርያላይሶን ነው! ቃሉ ግሪክ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን የማውቀው ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፤ እዚያው ለመቅረት ወሰንኩ።

የምንለማመደው የዊልያም በርድን የአራት ድምፅ ቅዳሴ ነበር። አራቱ ድምፆች ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ ናቸው፤ እኔ አልቶ ነኝ። ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል፤ አዘማመሩን ለመረዳት ይጠቅማል። በርድ በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲና ካቶሊክ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የካቶሊክ ቅዳሴ ክልክል ነበር። ቄሶች ተደብቀው ይገቡ ነበር፤ ተይዘው የተገደሉ ብዙ ናቸው። በርድ የንግሥቲቱ የጸሎት ቤት ዘማሪ ስለነበር ከከፋው ተርፏል፤ በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አልገኝም በማለቱ ግን ተከስሷል። ይህን ቅዳሴ በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሲያሳትም የፊት ገጽ አላደረገለትም። ዓመቱ አልተጻፈም። የአታሚውም ስም የለም። የሚዘመረው በሰው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በጥቂት ሰዎች ነበር። አሁን በትልቅ ካቴድራል ስትሰሙት ለመቶ ሰው የተጻፈ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ ሊዘመር የሚችል ሙዚቃ ነው። መጮህ አይፈልግም።

የመጀመሪያው ስህተቴ የተጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ኖታ ማንበብ ደከም ይለኛል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የአልቶን መስመር ብቻ ለይቶ የሚያጫውት ቅጂ ፈለግኩ። አውቶብስ ላይ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ በሦስት ሳምንት በቃሌ ያዝኩት። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትም እንደዚያው ነው። መሪው ይላል፣ እኛ እንቀበላለን፣ በቃል ይያዛል። ጎበዝ ነሽ ተባልኩ። ለካ የያዝኩት ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

በመዝሙራችን ሁላችንም አንድ ዜማ ነው የምንለው። ድምፄ ከጎኔ ካለችው ልጅ ድምፅ ከተለየ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። በርድ ላይ አራት ዜማ አለ፤ አራቱም ዋና ናቸው። አንዱ ይጀምራል። ሁለተኛው ያንኑ ቃል ይዞ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ሦስተኛው ይከተላል። አንዱ ሲያርፍ ሌላው መሐል ላይ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ነጥላችሁ ስታጠኑት ቆንጆ ዜማ ነው፣ ግን ለማን እንደሚመልስ አይታወቅም። ስልክ ላይ የአንዱን ተናጋሪ ወሬ ብቻ እንደመስማት ነው።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ቅጂ ስትጠቀሙ ቃናውን ከኳየሩ ወረቀት ጋር አስተያዩ። ያኔ የኖታው ከፍታ እንደዛሬ በቁጥር የተወሰነ አልነበረም። የዛሬ አሳታሚዎች ለዘማሪው እንዲመች እያሉ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርገው ያትሙታል። እኔ ያጠናሁት ኳየሩ ከሚዘምረው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። ጉሮሮዬ የለመደውን ቦታ ለማስረሳት ወር ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛው ስህተት ድምፄን ሊያሳጣኝ ነበር። ይህ ሙዚቃ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አይወድም፤ ቀጥ ያለ፣ የጠራ ድምፅ ይፈልጋል ይባላል። እውነት ነው፤ አራቱ መስመሮች ተለይተው መሰማት አለባቸው። እኔ ግን ቀጥ ማድረግ ማለት ጉሮሮ ማነቅ መሰለኝ። አንገቴን አጥብቄ፣ አገጬን ቆልፌ እዘምር ነበር። ከልምምድ ስመለስ ያሳክከኛል። ዝም አልኩ። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ተነስቼ «ደህና አደርሽ» ልል አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ። ሐኪሟ የድምፅ ገመዶችሽ አብጠዋል፣ ሁለት ሳምንት አትዘምሪ፣ ወሬም ቀንሺ አለችኝ። ማንሾካሾክ እረፍት መስሎኝ ነበር፤ እሱም ያደክማል አለችኝ። ዝም ማለት ነው፣ ውሃ መጠጣት ነው፣ በቃ። እናንተ እባካችሁ ጉሮሯችሁ ሲያሳክካችሁ ዝም አትበሉ። ቀጥ ያለ ድምፅ የሚመጣው ከሆድ በሚወጣ የተረጋጋ አየር ነው። አንገታችሁን በእጃችሁ ዳስሱት። ጅማቱ ከተገተረ አቁሙ።

2023 እ.ኤ.አ. በርድ ያረፈበት 400ኛ ዓመት ነበር። በየቦታው የእሱ ሥራ ይዘመር ነበርና የእኛም ኳየር በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት ያዘ። አልቶ የምንዘምር ሁለት ነን። ጓደኛዬ በዚያው ዕለት ከሰዓት ታምሜያለሁ ብላ ደወለች። ብቻዬን ቀረሁ።

እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ደህና ሄድን። መጨረሻው አኙስ ዴኢ ነው፣ «የእግዚአብሔር በግ»። የሚጀምረው በሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሦስት ይሆናል። በመጨረሻ አራቱም ገብተው «ዶና ኖቢስ ፓቼም»፣ ሰላምን ስጠን ይላሉ። እዚህ ቦታ ላይ በርድ ኖታዎቹን እርስ በርስ ያፋትጋቸዋል። አንዱ ድምፅ የያዘውን ሳይለቅ ሌላው ከሥሩ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ይቆረቁራሉ። ከዚያ የያዘው ሰው አንድ እርምጃ ወርዶ ይታረቃሉ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ፍትጊያ ይነሳል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ።

ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያን ቀን የማውቀው የራሴን መስመር ብቻ ነበር። ረጅም ኖታ ይዤ ሳለ የቴነሩ ድምፅ መጥቶ ከእኔ ጋር ተፋተገ። በልምምድ ላይ ጓደኛዬ አጠገቤ ስለነበረች አልሰማሁትም ነበር። አሁን ብቻዬን ነኝ፣ ድንጋዩ ደግሞ ያስተጋባል። ተሳሳትኩ ብዬ ደነገጥኩ። ኖታውን ለቅቄ እሱ ወዳለበት ወረድኩ። ሶፕራኖዋ መግቢያዋን የምትወስደው ከእኔ ኖሮ እሷም ተንገዳገደች። ባሱ ብቻ ጥቂት ቀጠለ፤ ከዚያ እሱም ዝም አለ። መሪያችን እጁን አወረደ። ያን ዝምታ አልረሳውም። ከኋላ ወንበር የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። መሪው ኖታውን ሰጠንና ከሦስተኛው አኙስ እንደገና ጀመርን። ጨረስን። ሰው አጨበጨበ። እኔ ለሻይ ሳልቆም ካፖርቴን ይዤ በጎን በር ወጣሁ።

ሦስት ወር አልተመለስኩም። ይህም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ በቀጣዩ ሳምንት ሂዱ። የቆያችሁ ቁጥር እፍረቱ እየከበደ ይሄዳል።

መልሰው ያመጡኝ ባስ የሚዘምሩት ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ደውለው ቅዳሜ ቤቴ ነይ፣ አራት ብቻ እንሆናለን አሉኝ። ሄድኩ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አራት ወረቀት ተቀምጧል። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ድምፅ መስመር ብቻ ነው ያለው። ኖታውን በየምቱ የሚከፋፍለው ቀጥ ያለ ሰረዝ የለም። በበርድ ዘመን እንዲህ ነበር የሚታተመው አሉኝ። እያንዳንዱ ዘማሪ የራሱን ድምፅ መጽሐፍ ይይዛል፤ የሌላውን በዓይኑ አያይም። ሊያውቅ የሚችለው በጆሮው ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር አስደረጉኝ። አንድ ኖታ ያዢ አሉኝ፤ ያዝኩ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ አንድ እርምጃ ዝቅ ያለውን ያዙ። ወዲያው አየሩ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዬ ውስጥ ው፣ ው፣ ው፣ ው የሚል ምት ተሰማኝ፤ መንጋጋዬም ላይ ተሰማኝ። ልለቅ ስል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። አትልቂ። ጨከንኩ። እንዲያውም ገፋ አድርጊው አሉ፤ ገፋሁ። ከዚያ እሳቸው አንድ እርምጃ ወረዱ። ምቱ ጠፋ። ክፍሉ ሰፋ ያለ መሰለኝ። ትከሻዬም ሳላስበው ወረደ።

«አየሽ» አሉኝ፤ «ይህ ባይቆረቁር ያ አያሳርፍም።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። አንዴ እኔ እይዛለሁ እሳቸው ይወርዳሉ፣ አንዴ እሳቸው ይይዛሉ እኔ እወርዳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄ ከሌላው ሲለይ ቶሎ አስተካክል ተብሎ የተማረ ጆሮ ነበረኝ። ጥሩ ጆሮ ነው፤ አልጣልኩትም። እዚህ ግን መፋተጉ ተጽፎ የተሰጠ ነው። እሱን ከስህተት ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ የሌላውን መስመር ማወቅ።

ከዚያ በኋላ አጠናኔን ቀየርኩ። እናንተም ከመጀመሪያው እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ሙሉውን ኖታ አትሙና እርሳስ ያዙ። እያንዳንዱ መግቢያችሁ ላይ ድምፁን ከማን እንደምትወስዱ ጻፉ፤ «ከባስ»፣ «ከሶፕራኖ መጨረሻ ኖታ» እያላችሁ። የሚፋተጉበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። እኔ ትንሽ መስቀል አደርጋለሁ። መስቀል ሳይ ልቤ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቀጥሎ የራሳችሁን ትታችሁ የቴነሩን መስመር ዘምሩ። የባሱንም ከፍ አድርጋችሁ ዘምሩት። ባይጠራ ግድ የለም። እኔ የአራቱንም መስመር አንድ አንድ ጊዜ ከዘመርኩ በኋላ ነው የራሴ የገባኝ።

ስታርፉ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ቁጥር ሲደነግጡ ይጠፋል። የዚያ ዘመን ዘማሪ ምቱን በእጅ መውረድና መውጣት ነበር የሚይዘው። መቋሚያ ሲወዛወዝ አይታችሁ ያደጋችሁ ሰዎች ይህን ቶሎ ትይዙታላችሁ። ወደ አንድ ጎን፣ ወደ ሌላው ጎን፣ ሳይቸኩል። እኔ በአውራ ጣቴ ጭኔን ነካ ነካ አደርጋለሁ። ከታዳሚው ማንም አያየውም።

ላቲኑን አትፍሩት። በዚህስ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዙ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እነሱ «ኦ» ሲሉ መጨረሻው ወደ «ው» ይሄድባቸዋል፤ «ኤ» ወደ «ይ» ይዞርባቸዋል። መሪያችን ግማሹን ልምምድ የሚያጠፋው ይህን በማቃናት ነው። የእኛ ኦ እና ኤ ሳይዞሩ ቀጥ ብለው ይቆያሉ። በቤተ ክርስቲያኑ አነባበብ «አኙስ» የሚለው ውስጥ ያለውን ኝ ልጅ ሆነን ነው የምንለው። ማጥበቅና ማላላትም እናውቃለን። «ቶሊስ» ሲባል ሊ ይጠብቃል፤ «ፔካታ» ሲባል ካ ይጠብቃል። «ፔካታ» ኃጢአት ማለት ነው፤ ካን አላልቶ ማለፍ አይመቸኝም። የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ከሥሩ በአማርኛ ጻፉ። በዕለት ተዕለት በማንናገረው ቋንቋ መጸለይ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ግእዝ አለን።

እንዲያውም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የዚያው ዘመን ታላቅ የላቲን ቅዳሴ ደራሲ ፓለስትሪና በ1551 ሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የመዘምራን መሪ ሲሆን፣ ከባዚሊካው ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የእኛ መነኮሳት ይኖሩ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አንዱ በግእዝ፣ ሌላው በላቲን፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት። እማዬ በስልክ «ምን ነው ልጄ የፈረንጅ ቅዳሴ?» ስትለኝ የነገርኳት ይህን ነው። ቀጥሎ ኪሪዬውን አሰማኋት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ልክ ነሽ፣ የስቅለት ነው» አለችኝ።

ስለ ቃና መውረድም ልናገር፤ ሁሉም ጀማሪ ኳየር ያለቅስበታል። ያለ መሣሪያ ሲዘመር ድምፁ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ይወርዳል። እኛ ረጅሙን ክሬዶ (ጸሎተ ሃይማኖቱን) ስንጨርስ ግማሽ ድምፅ ወርደን እንገኝ ነበር። ባሶቹ መጨረሻ ላይ ኖታው አይደርስላቸውም። የረዳን እንዲህ ነው። አንድ ኖታ ሲደጋገም ሁለተኛውን በሐሳብ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ወደ ታች ስትወርዱ እርምጃውን አጥብቡ። ፊታችሁ አይጨልም፤ ጉንጭ ሲወድቅ ቃናም አብሮ ይወድቃል። አተነፋፈስን አብሯችሁ ከሚዘምረው ሰው ጋር ተስማሙ፤ እሷ እዚህ፣ እኔ ከሁለት ቃል በኋላ። ቃል መሐል ላይ ግን አትተንፍሱ። በፒያኖ ብቻም አትለማመዱ። የሰው ድምፅ እርስ በርስ ሲስማማ ከፒያኖው ትንሽ የተለየ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያን ቦታ የምታገኙት ሌሎቹን በመስማት ነው።

የምትዘምሩበትንም ቤት ቀድማችሁ ሄዳችሁ ስሙት። አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ድምፁ እስኪጠፋ ቁጠሩ። ብዙ የሚያስተጋባ ከሆነ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሱ፣ ተነባቢዎቹን አጥርታችሁ ተናገሩ። መሪያችሁ ከፈቀደ ደግሞ በክብ ቁሙ፤ ቢያንስ በልምምድ ላይ። በረድፍ ስትቆሙ የምትሰሙት ጎረቤታችሁን ነው። በክብ ስትቆሙ አራቱንም።

በ2024 መከር ላይ ያንኑ ቅዳሴ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና ዘመርን። አሁንም አልቶ ሁለት ነበርን፣ ጓደኛዬም መጥታ ነበር። ግን ለአኙስ ዴኢ መሪያችን በየድምፁ አንድ አንድ ሰው ይቁም አለ። እኔን ተመለከተኝ። እጄ ቀዘቀዘ። ወረቀቴ ላይ መስቀሎቹ አሉ።

ሦስተኛው አኙስ ገባ። ዶና ኖቢስ። ኖታዬን ይዣለሁ። ቴነሩ መጣ፤ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ በየትኛው ቃል እንደሚመጣም አውቃለሁ። ተፋተግን። ው፣ ው፣ ው። በድንጋዩ ላይ ሲዞር ሰማሁት። ሽማግሌው ከማዶ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ገፋ አደረግኩት። ከዚያ ወረድኩ። ሶፕራኖዋ ከእኔ ተቀብላ ገባች። ያ ጨለም ብሎ የቆየ ቃና በመጨረሻው ኮርድ ላይ ሲፈካ አራታችንም አብረን ነበርን። መሪያችን እጁን አላወረደም። ድምፁ ከጣሪያው ላይ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ እኛም ጠበቅን።

ያን ቀን ለሻይ ቆምኩ።